ምክትሉ ስንት ድምፅ ይዞ ይመጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ማለትም ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከጀሞ የደረሱን ናቸው። ሦስቱም በአንድ ጉዳይ፣ ማለትም በምርጫ ጊዜ የምክትሉ ቦታ ምን ያህል እንደሆነ፣ ላይ ስለሚያጠነጥኑ አብረን አቅርበናቸዋል። የውጭ አገር ታሪኮች ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በእኛው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። ለገጣፎ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። የአሜሪካ ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን አንድ ክርክር ይነሳል፤ የሻይ ሰዓት አልቆ ደወል እስኪደወልም መቋጫ አያገኝም። የጂኦግራፊ መምህሩ ባልደረባዬ «ኬኔዲን ለፕሬዚዳንትነት ያበቃቸው የቴክሳሱ ጆንሰን ናቸው፤ ምክትሉን አሳምሮ የመረጠ ምርጫውን በግማሽ ጨርሷል» ይላል። የታሪክ መምህሯ ደግሞ «ሕዝብ የሚመርጠው ፕሬዚዳንቱን ነው፤ ምክትሉ ከጎን ቆሞ ፎቶግራፍ ከመነሳት ያለፈ ሥራ የለውም» ባይ ናት። ተማሪዎቼም ይህንኑ ክፍል ውስጥ ጠይቀውኛል። በ2024 ካማላ ሃሪስ ቲም ዋልዝን፣ ዶናልድ ትራምፕ ጄ ዲ ቫንስን ሲመርጡ ዓለም ሁሉ ስለ ሁለቱ ሰዎች ሲያወራ ሰነበተ። ያ ሁሉ ወሬ በድምፅ ሲመነዘር ምን ያህል ይሆናል? ለተማሪዎቼ የምነግረው፣ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ብትሰጡኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና አስቀድመን የድምፅ አሰጣጡን እንይ። የአሜሪካ መራጭ ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን ለየብቻ አይመርጥም፤ ሁለቱ ስሞች ተጣምረው ይቀርቡለታል እንጂ አንዱን ወዶ ሌላውን መተው አይችልም። ይህ ግን ከመጀመሪያው የነበረ ሥርዓት አይደለም። በቀድሞው ሕጋቸው ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘው ፕሬዚዳንት፣ ሁለተኛ የወጣው ምክትል ይሆን ስለነበር፣ በ1796 ጆን አዳምስ ዋና ተቀናቃኛቸውን ቶማስ ጄፈርሰንን ምክትል አድርገው ለመሥራት ተገደዋል። በ1800 ደግሞ የባሰ መጣ፤ ጄፈርሰንና የራሳቸው ወገን የነበሩት አሮን በር እኩል 73 የኤሌክቶራል ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን እንዲመርጡ ከየግዛቱ የሚሰየሙ መራጮች ድምፅ) አግኝተው ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ፣ ምክር ቤቱም አሸናፊውን ለመለየት 36 ጊዜ ድምፅ መስጠት ነበረበት። በ1804 የጸደቀው 12ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሁለቱን ሹመቶች ድምፅ ለያይቶ ይህን መዘዝ አስወገደው፤ ሁለት ሰዎችን አጣምሮ ማቅረብም የፓርቲዎች ልማድ ሆኖ ጸና።

ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ምክትሉን የሚመርጡት ዕጩው ሳይሆኑ በፓርቲ ጉባኤ የሚሰበሰቡ ባለሥልጣናትና የየግዛቱ ባለ ጡንቻዎች ነበሩ። ይህ ልማድ የተሰበረው በ1940 ፍራንክሊን ሩዝቬልት «ሄንሪ ዋላስ ካልተሰጡኝ ዕጩነቱን አልቀበልም» እስከማለት ደርሰው የፈለጉትን ሰው ባስመረጡ ጊዜ ነው። ታሪኩን ያነሳነው የጥያቄዎ መልስ እዚህ ላይ ስለሚጀምር ነው። ምክትሉን ጉባኤ ሲመርጠው የፓርቲውን ስምምነት ያሳያል፤ ዕጩው ራሱ ሲመርጠው ግን የሚያሳየው የዕጩውን ማንነት ነው።

አሁን ወደ ጂኦግራፊው መምህር ክርክር እንምጣ። የማሳቹሴትሱ ጆን ኬኔዲ በ1960 ወጣት፣ ካቶሊክና የሰሜን ሰው ነበሩ፤ በደቡቡ ፕሮቴስታንት ዘንድ ሦስቱም ጥርጣሬ የሚያሳድሩ ነበሩ። የሴኔቱ የአብላጫው ቡድን መሪ ሊንደን ጆንሰን በአንጻሩ የደቡቡን ፖለቲካ ከነጓዳው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቴክሳስ በ1952ም በ1956ም ለሪፐብሊካኑ አይዘንሃወር ድምፅዋን ሰጥታ ስለነበር ዴሞክራቶቹ እንደ ራሳቸው ቤት ሊቆጥሯት አይችሉም ነበር። ጆንሰን በባቡር ተሳፍረው በደቡብ ግዛቶች ከከተማ ከተማ እየቆሙ እስከ ኒው ኦርሊንስ ድረስ ቀሰቀሱ። ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩትም በዳላስ ከተማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተቃዋሚ ሰልፈኞች ጆንሰንንና ባለቤታቸውን ከበው እየጮኹና እየሰደቡ ያንገላቷቸው ጀመር። ጆንሰን አልቸኮሉም፤ ባለቤታቸውን ይዘው ያንን ሕዝብ በዝግታ፣ ካሜራው እያያቸው አቋርጠው አለፉ። በእንግዳና በሴት ወይዘሮ ላይ የተፈጸመው ድርጊት ጨዋነትን አጥብቆ በሚወደው የደቡብ ሰው ዘንድ ቁጣ ቀስቅሶ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ ታዛቢዎች ጽፈዋል። በመጨረሻም ቴክሳስ በ46,000 ያህል የድምፅ ልዩነት የኬኔዲ ሆነች።

ባልደረባዎ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ሆኖም ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናስላው። ኬኔዲ ያሸነፉት በ303 የኤሌክቶራል ድምፅ ሲሆን ለማሸነፍ የሚያስፈልጋቸው 269 ነበር። የቴክሳስ ድርሻ 24 ነው፤ ቴክሳስ ብቻዋን ብትቀር ኬኔዲ 279 ይዘው ያሸንፉ ነበር። ጆንሰን ወሳኝ የሚሆኑት ከቴክሳስ በተጨማሪ ሌላ የደቡብ ግዛትም በእርሳቸው ምክንያት ተገኝቷል ካልን ነው፤ ለምሳሌ 14 ድምፅ የነበራት ሰሜን ካሮላይና አብራ ብትሄድ ኖሮ ኬኔዲ 265 ላይ ይቆሙ ነበር። ይህ የሚቻል ነገር ነው፣ በእርግጠኝነት የተረጋገጠ ግን አይደለም፤ ይህን ለተማሪዎችዎ ሲነግሩ ሁለቱን ለይተው እንዲነግሯቸው እንመክራለን። በእኛ ግምት ጆንሰን ምክትል ዕጩ ለምርጫ ውጤት ካበረከተው ሁሉ የላቀውን ያበረከቱ ሰው ናቸው፤ በዘመናዊው የአሜሪካ ታሪክ ሁለተኛ ጆንሰን ለማግኘት የሚደረገው ፍለጋም ብዙዎችን አሳስቷል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ1988 ሌላው የማሳቹሴትስ ሰው ማይክል ዱካኪስ የቴክሳሱን ሴናተር ሎይድ ቤንትሰንን ምክትል አድርገው ያንኑ ጥምረት ደገሙት። ቤንትሰን በሙያቸው የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። በቴሌቪዥን በተላለፈው የምክትሎች ክርክር ላይ ተቀናቃኛቸው ዳን ኩዌይል የልምዳቸውን መጠን ከኬኔዲ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ቤንትሰን ኬኔዲን በቅርብ እንደሚያውቋቸውና ኩዌይል ኬኔዲ እንዳልሆኑ ፊት ለፊት ነግረው አዳራሹን አስጨበጨቡ። የዚያን ምሽት ማን እንደረታ የተጠራጠረ አልነበረም። ነገር ግን ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ ኩዌይልን ይዘው በ40 ግዛቶች አሸነፉ፣ ቴክሳስንም ጨምረው ወሰዱ። ከሁለቱ ምክትል ዕጩዎች አንዱ ከሌላው በግልጽ በልጦ ታይቶ ውጤቱ ያልተነቃነቀበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ የታሪክ መምህሯም በዚህ ልትደሰት ትችላለች።

ምክትሉ የትውልድ ወይም የመኖሪያ ግዛቱን ያስገኛል የሚለውን እምነት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች ደጋግመው መርምረውት፣ ጥቅሙ በአብዛኛው እጅግ አነስተኛ ሆኖ አግኝተውታል። በ2004 ጆን ኬሪ የሰሜን ካሮላይናውን ጆን ኤድዋርድስን ይዘው ሰሜን ካሮላይናን ተሸነፉ፤ በ2012 ሚት ሮምኒ የዊስኮንሲኑን ፖል ራያን ይዘው ዊስኮንሲንን አጡ። ስለ 2024 ደግሞ ብዙ ተንታኞች «ሃሪስ የፔንሲልቬኒያውን አገረ ገዥ ጆሽ ሻፒሮን ቢመርጡ ኖሮ» እያሉ ቁጭታቸውን ሲገልጹ ሰምተናል። ትራምፕ 312፣ ሃሪስ 226 የኤሌክቶራል ድምፅ አገኙ። የፔንሲልቬኒያ ድርሻ 19 ነው፤ ለሃሪስ ቢደመር 245 ይሆናል እንጂ ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን 270 አይሞላም። ቫንስም የመጡት ለሪፐብሊካን ካጋደለችው ኦሃዮ በመሆኑ ትራምፕ ግዛት ፍለጋ እንዳልመረጧቸው ግልጽ ነው።

ታዲያ የታሪክ መምህሯ ረታች ማለት ነው? በእኛ እምነት አልረታችም። ምክትሉ ከኪሱ አውጥቶ የሚያስረክበው ድምፅ ጥቂት ቢሆንም፣ ምርጫው ራሱ ስለ ዋናው ዕጩ የሚናገረው ብዙ ነው። በአገራችን አንድ ወጣት ለጋብቻ ሽማግሌ ሲልክ የልጅቱ ቤተሰብ ገና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነገሩን ሳይጀምሩ የተላኩትን ሰዎች ያያል፤ የሚያገባው እርሱ እንደሆነ ቢታወቅም እነማንን አክብሮ፣ እነማንስ እሺ ብለውት እንደመጡ የልጁን አስተዳደግና ማስተዋል ይነግራልና። የፕሬዚዳንት ዕጩም ገና ሥልጣን ሳይዝ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየው የሚወስነው የመጀመሪያ ትልቅ ውሳኔ ምክትሉን መምረጥ ነው። ሌላው ሁሉ ተስፋና ንግግር ሲሆን ይህ ብቻ የተፈጸመ ሥራ ነው።

ይህ ውሳኔ ሲበላሽ የሚያደርሰውን ጉዳት በ1972 ከደረሰው የበለጠ የሚያሳይ የለም። የዴሞክራቱ ዕጩ ጆርጅ ማክገቨርን በማያሚ ቢች በተደረገው ጉባኤ በዕጩነታቸው ላይ የሚደረገው ትግል ፋታ ስላልሰጣቸው፣ በመጀመሪያ የጠየቋቸውም ሰዎች እምቢ ስላሏቸው፣ የሚዙሪውን ሴናተር ቶማስ ኢግልተንን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ በቂ ማጣራት ሳይደረግ መረጡ። ብዙም ሳይቆይ ኢግልተን በ1960ዎቹ በድባቴ ሕመም ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው እንደታከሙና የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና እንደወሰዱ ተሰማ። ማክገቨርን በመጀመሪያ አንድ ሺህ በመቶ ከጎናቸው እንደቆሙ ተናገሩ፤ ከቀናት በኋላ ግን ከዕጩነቱ እንዲወጡ አደረጓቸውና ሳርጀንት ሽራይቨርን ተኩ። ኢግልተን በዕጩነት የቆዩት ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የአእምሮ ሕመም ታክሞ መዳን ነውር አለመሆኑንና ኢግልተንም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሴኔቱ በክብር ማገልገላቸውን ነው። ማክገቨርንን የጎዳቸው የምክትላቸው ሕመም አልነበረም። ሳያጣሩ መምረጣቸው፣ አጥብቀው ቃል መግባታቸው፣ ከዚያም ቃላቸውን ማጠፋቸው በሦስት ሳምንት ውስጥ ተከታትሎ ሲታይ፣ ቀጥተኛና ሐቀኛ ሰው የሚለው ዋና ስንቃቸው አለቀ። በኅዳሩ ምርጫ ከማሳቹሴትስና ከዋና ከተማዋ ዋሽንግተን በቀር ሁሉን አጡ። ተቀናቃኛቸው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ያን ጊዜ በጣም ጠንክረው ስለነበር ማክገቨርን ያለዚህም መሸነፋቸው የማይቀር ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ የዕጩዎችን የግብር ሰነድ፣ የሕክምና ታሪክና የንግድ ግንኙነት ጠበቆች በየመስመሩ የሚመረምሩት ያ ትምህርት ስላልተረሳ ነው።

በ2008 የሆነውም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ጆን ማኬይን 72 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ የአላስካ አገረ ገዥ ከሆኑ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ሳራ ፔሊንን አስተዋወቁ። የፓርቲያቸው ደጋፊ በደስታ ተነቃቃ፤ በጎ ፈቃደኞችና ገንዘብ ጎረፉ፤ ለአጭር ጊዜም በአስተያየት መለኪያዎች ተቀናቃኛቸውን ኦባማን ደርሰው ነበር። ከዚያ ፔሊን በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቆች ላይ ስለ ውጭ ጉዳይና ስለ ኢኮኖሚ ሲጠየቁ መልሳቸው ሲደናቀፍ ታየ። የማኬይን የረጅም ጊዜ ወዳጅና የራሳቸው ፓርቲ ሰው የሆኑት ኮሊን ፓወል በጥቅምት ወር ኦባማን እንደሚደግፉ ሲያስታውቁ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ፔሊን ለፕሬዚዳንትነት ዝግጁ አለመሆናቸውና ይህም የማኬይንን ማስተዋል ጥያቄ ውስጥ ማስገባቱ ነው። የማኬይን ዘመቻ ዋና መልእክት «ተቀናቃኜ ልምድ የለውም» የሚል እንደነበር ካስታወስን፣ ፔሊንን መምረጣቸው መልእክታቸውን በገዛ እጃቸው እንዳፈረሰባቸው እንረዳለን። በዚያው ዓመት ኦባማ 36 ዓመት በሴኔት ያገለገሉትን ጆ ባይደንን መምረጣቸው በተቃራኒው ለሚጠራጠሯቸው ሰዎች መልስ ሰጠ። የማኬይንን ሽንፈት ያመጣው በዋናነት በመስከረም የፈነዳው የባንኮች ቀውስ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

በጎ ጎኑንም ማየት ይገባል። ሮናልድ ሬገን በ1980 በፓርቲ ውስጥ ውድድር የኢኮኖሚ ዕቅዳቸውን በብርቱ ያጣጣሉባቸውን ቡሽን ምክትላቸው ሲያደርጉ ፓርቲያቸውን አንድ አደረጉ፤ በ2016 ትራምፕ ማይክ ፔንስን ሲመርጡ የተጠራጠሩ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ልባቸው ረጋ። የምክትሉ ዋና ጥቅም የሌላውን ወገን ሰው ማምጣት ሳይሆን የራስን ወገን ከመኮብለል መከልከል ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ለተማሪዎችዎ አንድ ነገር ብቻ መንገር ቢፈልጉ ግን ይህን ይንገሩልን። ከአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንቶች ዘጠኙ በምርጫ ሳይሆን ወንበሩ ባዶ ሆኖ በመገኘቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ ስምንቱ በፕሬዚዳንቱ ሞት፣ ጄራልድ ፎርድ በ1974 በኒክሰን መልቀቅ ምክንያት። ሩዝቬልት ሲሞቱ የተኳቸው ሃሪ ትሩማን በምክትልነት የሠሩት 82 ቀናት ብቻ ነበር፤ የአቶሚክ ቦምብ ምርምሩን ዝርዝር የሰሙትም ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ነው። ሕዝቡ በ1944 ድምፁን ሲሰጥ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ፍጻሜ የሚወስነውን ሰው መምረጡ እንደነበር ከመራጩ ስንቱ አስቦት ይሆን?

ጥያቄ፦ እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር፣ በምድር ቤት ትንሽ ሱቅ ያለኝ አንባቢያችሁ ነኝ። ባለቤቴ ሞያሌ ድረስ ዕቃ ስለሚያመላልስ የኬንያን ወሬ እንከታተላለን። ዊልያም ሩቶና ምክትላቸው አብረው ተመርጠው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የተጣሉት ምክትሉ ድምፅ ስላላመጣ ነው? ወይስ ስላመጣ?

መልስ፦ እህታችን፣ ጥያቄዎ አጭር ቢሆንም ከላይ ለመምህሩ የሰጠነውን መልስ የሚያርም ስለሆነ በደስታ ነው የተቀበልነው። ምክትሉ ድምፅ አያመጣም ያልነው ለአሜሪካ ነው። በአህጉራችን በብዙ አገሮች ድምፅ በአካባቢና በማኅበረሰብ ተሰባስቦ የሚሄድ፣ ሕጉም ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ምክትልነት በሁለት ወገኖች መካከል የሚደረግ ውል ይሆናል።

ከሁሉ ጥርት ብሎ የሚታየው በማላዊ ነው። በ2019ኙ ምርጫ ፒተር ሙታሪካ 38.57 በመቶ፣ ላዛረስ ቻክዌራ 35.41 በመቶ፣ ሦስተኛው ሳውሎስ ቺሊማ 20.24 በመቶ አገኙ ተባለ። ፍርድ ቤት በየካቲት 2020 ያንን ምርጫ ሰርዞ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ማግኘት እንዳለበት ሲወስን፣ ቺሊማ ራሳቸው መወዳደራቸውን ትተው የቻክዌራ ምክትል ዕጩ ሆኑ። የሁለቱን ድርሻ ቢደምሩት ከ55 በመቶ በላይ ነው፤ በሰኔው ድጋሚ ምርጫም ቻክዌራ ወደ 59 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ። እንዲህ ያለውን በድምር የሚታይ ውጤት በአሜሪካ ታሪክ ፈልገው አያገኙም።

በኬንያ በ2022 ሁለቱም ዋና ዕጩዎች ምክትላቸውን የመረጡት ከደብረ ኬንያ አካባቢ ነው፤ ከአካባቢው የራሱ ጠንካራ ዕጩ ስላልቀረበ የሕዝቡ ድምፅ ባለቤት አልነበረውም። ሩቶ ሪጋቲ ጋቻጓን፣ ራይላ ኦዲንጋ ደግሞ በፍትሕ ትግላቸው ስመ ጥር የሆኑትን ማርታ ካሩዋን አቀረቡ። ካሩዋ ግን የትውልድ አካባቢያቸውን ኪሪንያጋን እንኳ ለኦዲንጋ ማስገኘት አልቻሉም፤ ሕዝቡ አስቀድሞ ወደ ሩቶ አጋድሎ ነበርና። ስለዚህ በዚያም ቢሆን ምክትሉ ድምፅ የሚያመጣው የሕዝቡን ፍላጎት ሲከተል ነው፤ የሌለውን ፍላጎት መፍጠር አይችልም። ሩቶ በ50.49 በመቶ፣ ማለትም በ233,000 ያህል የድምፅ ብልጫ ሲያሸንፉ ጋቻጓ የአካባቢያቸው ድምፅ የመንግሥቱ መሠረት እንደሆነ ደጋግመው ተናገሩ፤ ለጠቡ ካበቁት ነገሮች አንዱም ይህ አባባል ነው። እንግዲህ ለጥያቄዎ የምንሰጠው መልስ «ስላመጣ ነው» የሚለው ይሆናል። ውለታ የዋለ ምክትል ድርሻውን ይጠይቃል፣ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ከተመረጡ በኋላ ባለዕዳ ሆነው መታየትን አይፈልጉም። በጥቅምት 2024 ሴኔቱ ጋቻጓን ከሥልጣን ሲያነሳቸው የተተኩት ኪቱሬ ኪንዲኪም ከዚያው ከደብረ ኬንያ አካባቢ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ሰውየው ቢሄድም ከአካባቢው ጋር የተገባው ውል እንዲቀጥል ተፈልጓል።

ፕሬዚዳንቱ ምክትሉን በፈለጉ ጊዜ ማባረር አለመቻላቸው ሌላ መዘዝም፣ ሌላ ጥቅምም አለው። በማላዊ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቢንጉ ዋ ሙታሪካ ምክትላቸውን ጆይስ ባንዳን ከፓርቲያቸው አስወጧቸው፤ ባንዳ ግን አብረው በሕዝብ የተመረጡ ስለነበሩ ከምክትልነታቸው አልተነሱም። በሚያዝያ 2012 ሙታሪካ በድንገት ሲያርፉ አንዳንድ ሹማምንት ባንዳን ወደ ጎን ለማለት ቢሞክሩም ሕገ መንግሥቱ ጸና፤ እርሳቸውም ቃለ መሐላ ፈጽመው የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ጥያቄ፦ ከጀሞ ነው የምጽፍላችሁ። ዕድሜዬ የገፋ፣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእኛ አገር መራጩ ምክትሉን አስቀድሞ የማያውቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አባታችን፣ የእኛ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ስለሆነ ነው። እርስዎ በጀሞ ምርጫ ጣቢያ ድምፅ የሚሰጡት ለተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል፣ ምክትሉንም የሚያቀርበው እርሱ ነው። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት የሚሰየም ርእሰ ብሔር በመሆኑ የምርጫ ዘመቻም፣ አብሮት የሚወዳደር ምክትልም የለውም።

ይሁን እንጂ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በፓርላሜንታዊ ሥርዓትም ቢሆን አንድ ፓርቲ መሪው ቢጎድል ማን እንደሚተካው ከምርጫው በፊት ለሕዝብ ቢያሳውቅ የሚከለክለው ሕግ የለም፤ ጋዜጠኞችም በክርክር መድረክ ላይ ይህን ቢጠይቁ መልካም ነው እንላለን። ጉዳዩ በአገራችንም የደረሰ ነውና። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ምርጫ ሕዝቡ ድምፁን ሲሰጥ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበሩም፤ የተሾሙት ከምርጫው በኋላ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አቶ ኃይለማርያም ኃላፊነቱን ተረከቡ፣ በመስከረም 2005 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ቀጣዩ ምርጫ እስከተደረገበት እስከ ግንቦት 2007 ዓ.ም. ድረስም አገሪቱን የመሩት በዚያው በ2002ቱ ምርጫ በተገኘው የምክር ቤት መቀመጫ ነበር።